በጭጋግ ውስጥ የሸክላ ወፍ

ኔሬዮ፣

«አንተ ከተኮስክ በኋላ ውሻዬ እንኳ ተነስታ የወደቀ ቆቅ መፈለግ ትታለች። ዘንድሮ ቤትህ ተቀመጥ።» የጻፍክልኝ ቃል በቃል ይኸው ነው።

እዚህ ቻስኮሙስ ሐይቅ ዳር በየማለዳው ማሽን ወደ አየር በሚወረውረው የሸክላ ዒላማ ላይ እተኩሳለሁ። እኛ ሜዳ ላይ ቆቅ ከእግራችን ሥር በርግጋ ስትነሳ ታስደነግጣለች፤ እዚህ ግን ብርቱካናማዋ ሸክላ ከጭጋጉ ወጥታ፣ መውደቅን የረሳች ይመስል አየር ላይ ትንሳፈፋለች። እኔም እያየኋት መተኮሱን እረሳለሁ።

አሰልጣኟ ዶኛ ኤርሲሊያ ሰባት ጊዜ ስስት አዩኝና፣ «ኢንጅነር፣ ሸክላዋን ትተህ ጎን ጎኗን የምትተኩሰው ጎረቤቷ ምን በድሎህ ነው?» አሉኝ። ጣታቸው ላይ እንዳነጣጥር አድርገው ሳቁ። «ጠመንጃው ቀኝ ትከሻህ ላይ ነው፤ የሚያነጣጥረው ግን ግራ ዓይንህ ሆኗል። ዕድሜ ነው።» የመነጽሬን ግራ መስታወት በፕላስተር ሸፈኑት። ከዚያ በኋላ ከሃያ አምስቱ ሃያ አንዱ ጭጋጉ ውስጥ እንደ ጭስ በነኑ።

ስለ ዓይኔ ልክ ነበርክ። ቤትህ ተቀመጥ ማለትህ ግን ልክ አይደለም፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለአደኑ ወቅት መክፈቻ ለብቻህ ወጥተህ አታውቅም።

ለባለቤትህ ለኦርቴንሲያ ሰላምታዬ ይድረሳት። ውሻህንም ሥራ አለሽ በላት። አብሬህ እንደምወጣ እስከ ኤፕሪል 20 በጽሑፍ አረጋግጥልኝ።

ኤቫሪስቶ