ዝም ብላ ያማጠችው ትርንጎ

ሰኞ

ተፈቀደልኝ! ትርንጎን የማዋልደው እኔ ነኝ። ዱባይ መጥቼ በአዋላጅነት ስሠራ የሕንዱን፣ የፊሊፒንሱን፣ የሱዳኑን ልጅ ተቀብያለሁ፤ የአገሬ ልጅ ግን አንድም ቀን አልደረሰኝ። ኃላፊዬ «በፈረቃሽ ከመጣች ያንቺ ናት» አለችኝ። ልዘል ምንም አልቀረኝ!

ፊቷን አይቼ አላውቅም። በኮሮና ምክንያት ክትትሉ በስልክ ሆኗል። ባሏ ዳኜ እዚሁ ዱባይ፣ ማሪና ሰፈር ያለ ሆቴል ጥበቃ ነው፤ ሠራተኛውን እዚያው ዘግተውበታል። እሷ ከሻርጃ ወዲያ ባለችው ከተማ በአጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ሰፈር፣ ብቻዋን ናት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። «እህቴ፣ ብቻዬን እዚች ክፍል እንዳልወልድ» ትለኛለች። አይዞሽ እላታለሁ እንጂ እኔም ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ

ልጁ ይንቀሳቀሳል ወይ ብላት «ዋላሂ፣ ኳስ ተጫዋች ነው!» አለች። ራሷን አያማትም፣ እግሯ አላበጠም። ጎሽ! «ምጥ ሲመጣ መጮህ ነውር የለውም» አልኳት። «ወይ ጉድ! ጎረቤት ምን ይለኛል? እናቴ ስምንት ስትወልድ ድምጿን የሰማ የለም» ብላ ሳቀችብኝ። የጎጃም ሴት እንግዲህ!

ረቡዕ

ምንም የለም። ስልኬን ይዤ ነው ሽንት ቤት እንኳ የምገባው።

ሐሙስ

ጠዋት ፈረቃዬ ላይ ሳለሁ ደወለች። «ወገቤን ትንሽ ቆረጥ ያደርገኛል፣ ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለውም።» ሽሮ እየሠራች ነው። ስለ ሽሮው ታወራለች፤ መሀል ላይ ዝም። ደግሞ ሽሮ። ደግሞ ዝም። እንደ ደንቡ እንዲህ እንደ ልቧ የምታወራ ሴት ምጧ ገና ነው፤ እቤት ቆዪ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዝምታው እየተቀራረበ መጣ። ምጧን እየዋጠችው ነው እንዴ! «ትርንጎ፣ ምድጃውን አጥፊ! ታክሲ ያዢ! ያላ!» «ሽሮዬስ?» ትለኛለች እኮ!

እስክትደርስ ስልኩን አልዘጋነውም። መሀል ላይ ያለው የሻርጃ መንገድ በመኪና እንዳይዘጋባት ማርያምን ለመንኳት። ደርሳ ሳያት ልትወልድ ትንሽ ነው የቀራት። ነጠላዋን ነክሳ እጄን ጨመቀችው። በመጨረሻ «እመቤቴ!» ብላ ጮኸች፤ ፎቁ ሁሉ ሰማ። ወንድ! ወዲያው አለቀሰ። እኔም እልልታዬን በማስኬ ውስጥ ለቀቅኩት፤ ሕንዳዊቷ ነርስ ደንግጣ ትሪ ጣለች።

ዓርብ

ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ተመስገን። ዳኜ ልጁን በቪዲዮ አይቶ ስልኩን ሳመው። መቼ እንደሚለቁት ግን አልታወቀም።

ልወጣ ስል ትርንጎ «አንዴ ፊትሽን ልየው» አለችኝ። «በጤናዬ አልቀልድም፣ ያንቺና የልጅሽም ጤና አለ» አልኳት። ወጥቼ ከክፍሏ መስታወት ማዶ ቆምኩና ማስኬን አወረድኩት። አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ስልኬ ጠራ።

«አንቺ! ስትቆጪኝ እኮ የእናቴ እኩያ መስለሽኝ ነበር፤ ልጅ ነሽ ለካ!»

ሳቅን። ከዚያ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ አለቀስኩ፤ እሷም ልጇን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።