እጄ አልጨብጥ ካለ ወዲህ

ማክሰኞ፣ ማርች 9፣ 2010። ከሥራ መልስ

አሥራ አራት የሆቴል ክፍል አጸዳሁ። የማላውቀውን ሰው ፀጉር ከባኞ ለቅሜ፣ የጥርስ ሳሙና የተተፋበት መስታወት ፈግፍጌ ገባሁ። ቀኝ እጄ ዛሬም አልጨብጥ አለ። የማጽጃውን ስፕሬይ በግራ ይዤ ዋልኩ። ዶ/ሩ ራጁን አይቶ ምንም የለብሽም ብሏል። ምንም ከሌለብኝ ጠዋት ጠዋት መንጋጋዬን በእጄ ካላሸሁት የማይከፈተው ለምንድን ነው?

ፅጌ ደወለች። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ጓደኛዬ። ክላስ አለ ትላለች። ሲስተር ሄለን የምትባል ነርስ ሴቶች ሰብስባ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ታሠራለች። ድንጋጤ ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል፣ በመንቀጥቀጥ ይወጣል ባይ ናት። ጠበል ነው እንዴ ብዬ ሳቅኩባት። ቅዳሜ እመጣለሁም አልኳት። ለምን እንዳልኩ አትጠይቂኝ፣ ደብተሬ።

ቅዳሜ፣ ማርች 13

ከምኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ሄጄ ያየሁትን ጉድ! የአፓርታማ ምድር ቤት። እግር እግር የሚሸት ምንጣፍ። ዘጠኝ ሴቶች፣ ካልሲ ወልቆ። የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ የኔን ጨምሮ። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፎ ጉልበት አጠፍ ማድረግ። ከዚያ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ቀስ እያሉ መክፈት። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ጭኗ ይርገፈገፍ ጀመር። አፏ ተከፍቶ፣ ምራቋ በጉንጯ ወርዶ። ዘገነነኝ። ዛር የወረደባት ነው የምትመስለው። ሲስተር ሄለን ግን በእርጋታ፣ አታስገድዱት፣ ሲበቃችሁ እግር ዘርግታችሁ እረፉ ትላለች። ያ ለስላሳ ድምፅዋ ራሱ አስጠላኝ።

እኔ እንደ ጣውላ ድርቅ። ዓይንሽን ጨፍኚ ብትለኝም አልጨፈንኩም።

ሐሙስ፣ ማርች 18

ልጻፈው በቃ።

ጃንዋሪ ላይ ነው። ክፍል 412። ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ፣ ሃውስኪፒንግ አልኩ፣ መልስ የለም። ገባሁ። ሰውዬው ከበሩ ጀርባ መጥቶ ቀኝ እጄን አንጓው ላይ ያዘኝ። በሩን በእግሩ ዘጋው። ትንፋሹ አልኮልና ከረሜላ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶብኛል። ኮሪደር ላይ ነው ራሴን ያገኘሁት፣ ፎጣዎቹ መሬት ተበትነው። ቆሜ ዝም ብዬው ይሆን? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ገላዬ ይቀፈኛል። በቀን ሦስቴ እታጠባለሁ።

ሱፐርቫይዘሯ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ሥራውን ያስገቡኝም እሳቸው። አንሶላ ክፍል አስገብተው ውሃ ሰጡኝ። «ተርፈሻል አይደል? የዘወትር እንግዳ ነው። እንጀራሽን እንዳታጪ፣ ዋጥ አድርጊው» አሉኝ። ዋጥኩት።

ቅዳሜ፣ ማርች 20

ዛሬ ክላስ ላይ መንቀጥቀጡ መጣብኝ። መጀመሪያ ቀኝ ጭኔ፣ ከዚያ ሆዴ፣ ከዚያ እጄ። እንደ ታረደ ዶሮ። ማቆም እንደምችል አውቃለሁ፣ ግን አላቆምኩትም። ጥርሴ መንገጫገጭ ሲጀምር አፌ ውስጥ የሰው ቆዳ ቀመስኩ። ጨውና ሳሙና።

ነክሼዋለሁ! ያመለጥኩት ነክሼው ነው። አንጓዬን የያዘውን እጁን፣ ደም እስኪመጣ።

ሽንት ቤት ሮጬ አስመለሰኝ። አራቴ ተጉመጠመጥኩ፣ ጣዕሙ አልለቅ አለ። ሲስተር ሄለን ተከትላኝ ብርድ ልብስ አለበሰችኝ። «ምን እንዳየሽ አልጠይቅሽም» አለች። «ብቻ ለብቻሽ አትያዢው። እኔ የማንቀሳቅሰው ሰውነት ነው። ለሌላው የሚያማክር ባለሙያ አለ።» እዚያው ሽንት ቤት ወለል ላይ አለቀስኩ። ቆሜ ዝም አላልኩም ነበር።

ሰኞ፣ ማርች 22

ስፕሬዩን በቀኜ ያዝኩ። ሦስት ክፍል ድረስ፣ ከዚያ ዛለ።

እትዬ በላይነሽ የሳምንቱን ዝርዝር ሰጡኝ። ሰውዬው ሐሙስ ይገባል። 412፣ የኔ ፎቅ። አላጸዳም አልኳቸው። ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ። ተቆጡ፦ «አንቺ ደግሞ! ከአንቺ በፊት የነበረችውም እንዲሁ ስታካብድ ነው ሥራ የለቀቀችው።»

ሌላም ነበረች? በሱው? አልኳቸው።

የተናገሩትን የሰሙት ያኔ ይመስለኛል። እያወቁ ላኩኝ። ሰውዬውን እንኳ እንዲህ አልተጸየፍኩትም።

ማክሰኞ፣ ማርች 23

ለሳሮን ነገርኳት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ልጄ። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ዛሬ ግን «እማዬ» ነው ያለችኝ። ቆይታ ላፕቶፗን ከፈተች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ቀኑን፣ ክፍሉን፣ የማን እጅ የት እንደነበረ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ተዪው ይንቀጥቀጥ አልኳት፣ ጻፊ።

ረቡዕ፣ ማርች 24። ጠዋት 2 ሰ.

ቆርጫለሁ። ሰውዬው ሳይገባ ማናጀሩ ቢሮ እገባለሁ፣ ሳሮን ታስተረጉማለች። በላይነሽ ያለችኝንም አንድ ሳላስቀር እናገራለሁ። እትዬ ማለቱ ቀርቷል። የዚያችን የለቀቀችውን ልጅ ስምም እጠይቃለሁ። ማናጀሩ ካልሰማ ፖሊስ ጣቢያ። ሥራው ከቀረም ይቅር።

ሳሮን በሩን ከፍታ ቆማለች፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው እያለች። የጻፈችውን አትማልኝ ወረቀቱን ይዣለሁ። ጫማዬን እስካስር ጠብቂኝ አልኳት።