ሰማያዊና ነጭ ስለተቀባው ምሰሶ፣ ለክበባችን ሥራ አስኪያጅ

ዓርብ፣ የካቲት 16 ቀን

ለተከበሩ የሐይቅ ዳር የውሃ ስፖርት ክበባችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወገብዎና በተለይም ለጉሮሮዎ ደህንነትን እመኛለሁ፤ ነገ በድምፅ ማጉያ ብዙ የሚናገሩበት ቀን ነውና። እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሳመነታ ነው የሰነበትኩት። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋብኛል። ትምህርትም ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። ከአንድ ቀን በቀር፣ ቢሮዎ በር ላይ ቆሜ «ምን ፈለግሽ?» ባሉኝ ቁጥር «ምንም» ብዬ የተመለስኩት ግን ምንም ሳልፈልግ ቀርቼ አልነበረም። የፈለግሁትን እነሆ ጽፌ በክበቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ማስታወቂያ ማንበብ እንደሚወዱ ባላውቅም መለጠፍ እንደሚወዱ አውቃለሁ።

ከጎኑ የተለጠፈው የእርስዎ ማስታወቂያ እንደሚለው፣ ወደ ትልቁ ውድድር የሚሄዱት በሚመረጡበት የነገው ማጣሪያ ላይ እኔ ከውሃው ወጥቼ ለእንግዶች አበባ እንዳቀርብ ተመድቤያለሁ። ምክንያቱም «ሸራውን በአግባቡ መወጠር ባለመቻሏና ንብረት ለብልሽት በመዳረጓ» ነው። ይህን ቆመው የሚያነቡ ሰዎች እንዲረዱኝ ስለ ሸራው ጥቂት ልበል። ቦርድ ላይ ቆመን በነፋስ የምንሄድባቸው ሸራዎች አብዛኞቹ ነፋስ ሲመታቸው የሚነፉ፣ ነፋስ ሲተዋቸው እንደ ማቅ የሚንጠለጠሉ ናቸው። አንዱ ብቻ፣ እኛ ልጆቹ «ሆደ ሰፊው» የምንለው፣ ነፋስ ቢቆራረጥም ሆዱን እንደነፋ ይቆያል። ሆዱን የሚነፉለት በአግድሙ የገቡት ዘንጎች ናቸው። በየዘንጉ ጫፍ ሸራው የሚቆምበትን ምሰሶ የምትነክስ ፕላስቲክ አለች፤ ስሟን መንጋጋ ብለናታል። መንጋጋዋ ምሰሶውን ሳትለቅ መያዝ፣ ሸራው ሲገለበጥ ደግሞ በምሰሶው ላይ መዞር አለባት። ሁለቱን ካላደረገች ያ ፈጣን ሸራ ከአልጋ ልብስ አይሻልም። እኔ በዚህ ሸራ ነው የተማርኩት፤ በዚህም ነው መመረጥ የምፈልገው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፦ ምሰሶዎቹን ቀለም ስላስቀቡልን ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዶች ፎቶ ሲያነሱ እንዲያምር ብለው ታችኛውን ግማሽ ሰማያዊ፣ ላይኛውን ግማሽ ነጭ በዘይት ቀለም፣ ያውም ደራርበው አስቀብተዋቸዋል። የበር ቀለም ነው፤ ለበር እጅግ ያምራል። ምሰሶው ግን ወፍሮ መንጋጋዋ ላዩ ላይ መዞር አቃታት፤ ፀሐይ ሲያገኘውማ ጭራሽ ትጣበቃለች። ሐይቁ መሃል ደርሼ ልመለስ ስዞር ሸራው ሆዱን ወደ ነበረበት እንደነፋ ቀረ፤ እኔ ወዲህ እሱ ወዲያ፣ እንደተጣሉ ባልና ሚስት ስንጓተት ቆይተን አብረን ውሃ ውስጥ ገባን። እርስዎም ከዳር ሆነው በድምፅ ማጉያ «ይቺ ልጅ ለዋና ነው እንዴ የተመዘገበችው?» አሉ። ዳር የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ውሃ ውስጥ ስለነበርኩ ፊቴ የረጠበው በምን እንደሆነ ማንም አላወቀም፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ መንጋጋዎቹ እንዲዞሩልኝ ብዬ ዘንጎቹን አላላሁ። ዞሩ፤ ግን ሸራውን የሚወጥረውን ገመድ ወደ ታች ስስብ ጧ እያሉ ከምሰሶው ወለቁ። ደግሞ አጠበቅሁ፤ ነከሱ፣ አልዞሩም። ስፈታ ስወጥር፣ ስፈታ ስወጥር ሰነበትኩ። የቁልፎቹ ድምፅ ከሩቅ ስለሚቀድማቸው «ጋሽ ቅጭልጭሉ» የምንላቸው መጋዘን ጠባቂያችን «አንቺ ልጅ፣ ሸራ ነው ወይስ ሕፃን የምታስተኚው?» ይሉኝ ነበር። ጥርሱን እያመመው ጉንጩን እንደሚያሽ ሰው ሆኜ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ሕመሙ ያለው መንጋጋው ላይ ሳይሆን ምሰሶው ላይ ነበር።

ምሰሶዎቻችን ከሁለት ግማሽ የሚገጠሙ ናቸው። አንዳንዱ ጥንድ ደረቅ፣ አንዳንዱ ለስላሳ ነው፤ ጥንዶቹ እንዳይጠፋፉም በየግማሹ ላይ ቁጥር ተቀርጾ ነበር። የእርስዎ ቀለም ቁጥሩን ሸፈነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ የሆነ ሁሉ ካገኘው ነጭ ጋር ተጋባ። ሌሎቹ ሸራዎች መንጋጋ ስለሌላቸው ምንም ምሰሶ ቢሰኩባቸው ችለው ይኖራሉ። ሆደ ሰፊው ግን፣ ስሙን አይዩና፣ አይችልም። ይህን ለማረጋገጥ ምሰሶዬን ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ላይ አጋድሜ መሃሉ ላይ ውሃ የሞላ ባልዲ ሰቀልኩበት። ጋሽ ቅጭልጭሉ «ምሰሶ ደግሞ ይጠጣል? ይበቅላል ብለሽ ነው?» እያሉ መጡ፤ ሲጎብጥ ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። ታችኛው ግማሽ ቀጥ እንዳለ ነው፤ ላይኛው ብቻ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ታጥፏል። እንዲህ በሚጎብጥ ምሰሶ ላይ መንጋጋ ቢወልቅ ምን ይገርማል?

የታችኛውን ቀለም በጥፍሬ ፍቄ ቁጥሩን አገኘሁ። መጋዘን ውስጥ ያሉትን ነጮች ሁሉ እየፋቅሁ አየሁ፤ ጥንዱ የለም። ተስፋ ቆርጬ ወደ ውጭ ብቅ ስል በቢሮዎ በር ላይ የክበቡን የጨርቅ ዓርማ ተሸክሞ ቆሟል። ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ ያምራል። ጋሽ ቅጭልጭሉ ወንበር ያዙልኝ፤ ወጥቼ ፋቅሁት፤ ራሱ ነው። በማግሥቱ ድፍረቴን ሁሉ ሰብስቤ ቢሮዎ ገባሁና በተቆራረጠ ድምፅ ነገርኩዎ። እርስዎም «የክበቡ ቀለም አይፋቅም፣ የክበቡ ዓርማ አይወርድም» ብለው በአባትነት መለሱኝ። ለአባትነትዎ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ስለለጠፉት መመሪያ። «ሸራ ለፍተሻ የሚቀርበው ገመዱ ሙሉ በሙሉ ተወጥሮና ዚፖቹ ተዘግተው ነው፤ ክፍት ዚፕ ዝርክርክነት ነው» ይላል። ንጽሕናን መውደድዎን ከልብ አደንቃለሁ። ነገር ግን መንጋጋዋን ምሰሶው ላይ የምናስነክሳት በዚያው በዚፑ ቀዳዳ እጃችንን አስገብተን ነው፤ ያውም ገመዱ ገና በግማሽ ተወጥሮ ሳለ። ሁሉ ተወጥሮ ካለቀ በኋላ መንጋጋ ማስገባት ጫማ ካደረጉ በኋላ ካልሲ እንደማጥለቅ ነው። መመሪያዎን አክብሬ ወጥሬ ጨረስኩ። እርስዎም አጠገቤ ቆመው «ግፊ! እህል አትበዪም?» ሲሉኝ ገፋሁ፤ ዘንጉ ተሰበረ፤ የገባበትንም የሸራ ኪስ ቀደደው። በማስታወቂያዎ ላይ በእኔ ስም የተጻፈው ብልሽት ይህ ነው። የዘንጉን ኪስ ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ሰፍታዋለች፤ ጋሽ ቅጭልጭሉ ሌላ ዘንግ ፈልገው አስገብተውበታል፤ ሸራው ደህና ነው።

አራተኛ፦ ሸራው ከእኔ ተወስዶ ለእህትዎ ልጅ ሲሰጥ ቅር አላለኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል። እሱም ላይ መንጋጋዎቹ ወለቁ። በእኔ እጅ ሲወልቅ «የልጅቷ ድክመት» የተባለው በእሱ እጅ ሲወልቅ «የፋብሪካ ስህተት» ተባለ፤ ፋብሪካው የእኛን ጾታ ለይቶ የሚያውቅ መሆኑን ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። ልጁ ግን ደግ ነው። ትናንት ከመጋዘኑ ጀርባ ጠብቆኝ «እባክሽ ውሰጂውና ገላግይኝ፤ እኔ በተራው ሸራ ይሻለኛል። ለአጎቴ ግን አንቺው ጻፊለት፣ እኔ እፈራዋለሁ» አለኝ። እነሆ ጽፌያለሁ። እኔም እፈራዎታለሁ፤ ግን ወረቀት ላይ ሲሆን ፊደሉ አይጠፋኝም።

አክስቴ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ማለት ትወዳለች። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝንብ አልገባም፤ ነገር ግን ድክመትም፣ ብልሽትም፣ ዝርክርክነትም በስሜ ገቡ። ይህን ደብዳቤ ሳነብላት መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ «ተይው ልጄ፣ ከአለቃ ጋር እልህ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። ትንሽ ሰፍታ፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ይልቅ ያ የልጅቷ ድክመት የሚለው ላይ አንድ መስመር ጨምሪበት» አለች። ስለ ፋብሪካው ያለችው መስመር የእርሷ ናት።

እንግዲህ ነገ የማደርገውን ሳይሰሙት እንዳያዩት በማክበር አስቀድሜ ላሳውቅዎ። ጠዋት የክበቡ በር ሲከፈት ዓርማውን አወርደዋለሁ፤ በሥርዓት አጥፌም በወንበርዎ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ነጩን ግማሽ ከጥንዱ ጋር እገጥመዋለሁ። መንጋጋዎቹ የሚያርፉበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እፍቀዋለሁ፤ ሰማያዊው ቀለም በአሸዋው ላይ ይቀራል። ከዚያ እንግዶቹ ፊት ለፊት፣ ዚፖቹን ሁሉ ከፍቼ፣ ገመዱን በግማሽ ወጥሬ፣ መንጋጋዎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ አስነክሳቸዋለሁ። ቀሪውን ከወጠርኩ በኋላ ዘንጎቹን የማጠብቀው የሸራው ሽብሽብ እስኪጠፋ ብቻ ነው። እዚያው ዳር ላይ አገላብጬ እንዲዞሩ አያለሁ፤ ቢወልቁም ሁሉም እያየኝ ይውለቁ። ከዚያ ቦርዴን ይዤ ወደ መነሻው መስመር እገባለሁ። ሊያስወጡኝ ቢፈልጉ መብቱ የእርስዎ ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱን በማስታወቂያ ሳይሆን በአፍዎ፣ እንግዶቹ እየሰሙ ይናገሩት። እስከዚያ ከመስመሩ ንቅንቅ አልልም።

ለሰጡኝ ትምህርት ሁሉ እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ ለስብሰባዎችዎም ጭብጨባ እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት እሰናበትዎታለሁ፤

የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ፣ የነገው ማጣሪያ ተወዳዳሪ

ማስታወሻ፦ አበባውን ማን ያቀርባል ብለው እንዳይጨነቁ። አበባ አይገጠምም፣ አይወጠርም፣ መያዝ ብቻ ነው፤ ክበባችን ውስጥ ይህን ያለ ሥልጠና ሊሠራ የሚችል ሰው ሳስብ መጀመሪያ የመጡልኝ እርስዎ ነዎት።