አርብ አርብ የሚቆለፈው ወረቀት

ሳቂታዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ልጄ በምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ መምህራኑ አርብ አርብ የፈተና ወረቀታቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ማንም የራሱን እንዳይከፍት ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ ሥራ ይዞ ቤት መግባት የለማ! ያንቺ ባል እራት ላይም አይደል የሚያርመው?

ትናንት አርብ እኔና ሕፃኑ ልጇ ልንወስዳት ብንሄድ፣ የኔዋ ጉድ ወረቀቱን በዳይፐር ቦርሳው ደብቃ ልትወጣ ስትል ቢሮ የሚጋሯት ሽማግሌ ያዟት።

"ይሄ ሕፃን ፈተና ማረም ጀመረ እንዴ?" አሏት።

"ኧረ ጋሼ፣ ሰኞ ካላደረስኩ ጉዴ ነው!"

"ሰኞ አብረን እናርማለን። አሁን ሂጂና ልጅሽን አጫውቺ።"

ልጁ እኮ ከሷ ይልቅ እኔን ነበር የለመደው። ዛሬ ጧት ግን ሲነቃ እኔን አልፎ እሷ ላይ ወጣ። ትንሽ ቀናሁ፣ አልዋሽሽም።

ልጆችሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትና ልጅ ግን ገና እየተሳሳቁ ነው።