የጫት ነው የተባለው የአባቴ ሆድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የአባቴ ምሳ እስከ ማታ ከጨጓራቸው አይወርድም፤ ሆዳቸውም ከደረቀ ሰነበተ። እንደ እሳቸው የቆየ የስኳር ሕመም የሆድ ነርቮችን እንደሚጎዳ አንብቤያለሁ፤ ስለዚህ ዛሬ ምልክቶቹን በዝርዝር ጽፌ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ወረቀቱን ሳያነብ ሣቀ።

«አባባ፣ ጫቱን ይቀንሱ!»

«ወላሂ፣ ቅሜ አላውቅም።»

«ጀጎል ተወልደው? ይህን ለሌላ ይንገሩ!»

የድርቀት መድኃኒት ብቻ አዝዞ ሸኘን። ኢንሱሊን ተወግተው፣ የበሉት ሳይወርድ ስኳራቸው ወርዶ፣ ባለፈው ዓርብ መስጊድ ደጃፍ ራሳቸውን መሳታቸውን እንኳ አልጠየቀም። እኔም ሳልነግረው ወጣሁ፤ ይህ ያንገበግበኛል።

በባጃጅ ስንመለስ አባቴ፣ «በሚቀጥለው እቅማለሁ እለዋለሁ። እሱን ካመነኝ ሌላውንም ይሰማኝ ይሆናል» አሉኝ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልዋሹ ሰው ለመታከም መዋሸት አለባቸው?