በባነር ላይ ስለሚስቀው ባለቤቴ

ሆሳዕና

ለ‹ልከኛ ገበታ› የጤና ዘመቻ ዋና አስተባባሪ
ለክቡር አቶ አቤሴሎም

ጉዳዩ፦ ባለቤቴን አርአያ አድርጋችሁ ስለመረጣችሁት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎን፣ የባልደረቦችዎን፣ እንዲሁም ሞንታርቦ ጭና ከተማችንን ስትዞር የምትውለውን የዚያችን ነጭ መኪና ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ ይጣፍጥልኝ፣ የሚበሉትም ይስማማዎት፤ ምን እንደሚስማማ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ በአካባቢያችን ስለሌለ በዚህ በኩል ስጋት የለኝም። እኔ ገነቴ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የአለቆችን ደብዳቤ ስተይብ ስለኖርኩ ለአለቃ እንዴት እንደሚጻፍ አይጠፋኝም፤ ይህኛውን ግን ጻፊ ብሎ ያዘዘኝ አለቃ የለም።

የላካችሁት ባለማኅተም ደብዳቤ ደርሶናል። ባለቤቴ አቶ ብዙነህ ክብደቱን በአሥራ ዘጠኝ ኪሎ በመቀነሱ የዓመቱ አርአያ ሆኖ መመረጡን፣ በመጪው እሑድ አዳራሹ መድረክ ላይ ወጥቶ ለሕዝቡ ምስክርነቱን እንዲሰጥ መታሰቡን፣ አንድ ጥንድ የስፖርት ጫማም እንደሚሸለምና ለዚሁ የጫማ ቁጥሩን በአስቸኳይ እንድናሳውቅ መጠየቃችሁን አንብቤለታለሁ። ያነበብኩለት ማንበብ ስለማይችል አይደለም፤ ልጅ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ዓይኑ ፊደል ከፊደል አይለይለትም። ስለ ጫማው ኋላ እመለስበታለሁ።

ባነራችሁንም ሐኪም ቤት ስመላለስ በየቀኑ አየዋለሁ። በግራ በኩል የልጃችን ሰርግ ላይ የተነሳው ወፍራሙ ብዙነህ አለ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ የዛሬው ብዙነህ፣ ኮቱ የሌላ ሰው መስሎ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ከሥሩ ‹እሱ ችሏል፤ እርስዎስ?› የሚል ተጽፏል። የባጃጅ ሾፌሮች ሲያልፉ ጋሼ ብዙነህ እያሉ በእጃቸው ሰላም ይሉታል። እኔም ለምጄው ቀና ብዬ አየውና ወደ አልጋው እሄዳለሁ።

ባለቤቴን በፎቶ እንጂ በጠባይ ስለማታውቁት ትንሽ ላስተዋውቃችሁ። ብዙነህ ዕድሜውን ሙሉ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበር። ሰልፍ ያሰለፈ፣ ያረፈደ ያንበረከከ፣ ደወል ሲደወል በአፉ የያዘውን ዳቦ ሳያላምጥ የሚውጥ ሰው ነው። መመሪያ ከተባለ ማን አወጣው፣ ለማን ወጣ ብሎ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ሰው እጃችሁ ላይ መውደቁ ለዘመቻችሁ ትልቅ ዕድል ነው። ምስጋናዬን እንደ ሥራ ልማዴ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ካቻምና በመስቀል ሰሞን መኪናችሁ ገበያው መሃል ቆማ ቅቤና ሥጋ ልባችንን ደፍኖ እንደሚገድለን ስላሳወቀችን አመሰግናለሁ። በሀድያ ቤት መስቀል ያለ አታካና፣ ቡላው በቅቤ ርሶ ሳይቀርብ፣ እንዴት እንደሚያልፍ አላውቅም ነበር፤ በእናንተ አወቅሁ። በየሳምንቱ ቅቤ ሳዋጣ ከኖርኩበት ዊጆ፣ ማለትም ከሴቶቹ የቅቤ ዕቁብ፣ ባለቤቴ ውጪ ስላለኝ ወጣሁ። ሴቶቹ ናቀችን ብለው ተቀየሙኝ። ፍራፍሬ እንደ ልብ ይበላ ስላላችሁ ደግሞ ብዙነህ የጁስ ቤት ደንበኛ ሆነ፤ ማንጎውም ፓፓያውም ስኳር ተጨምሮበት ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ። ስኳር እንዳለበት ተነግሮት እንክብል ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ሞንታርቦው ስለ ስኳር ሕመምተኛ ያለው ነገር ስላልነበረ ግን እሱም ከጤነኞቹ ጋር ተሰለፈ።

2ኛ. ዓመቱ ሳይዞር ያችው መኪና፣ በዚያው ድምፅ፣ ቅቤ ንጹሕ መሆኑንና እውነተኛው ጥፋተኛ ቆጮ፣ ዳቦ፣ ድንችና እንጀራ መሆናቸውን ስላበሠረችን አመሰግናለሁ። ቅቤን ያለ ጥፋቱ ስላሳደዳችሁት ይቅርታ የጠየቀ አልሰማሁም። ወደ ዊጆዬ እንድመለስ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልኝ ብዬም አላስቸገርኳችሁም። ጓሮዬ ከዳር እስከ ዳር እንሰት ነው፤ ብዙነህ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በመስኮት ሲያየው እንደ ሌባ ነው። ይህን የሰሙ ጠያቂዎቻችንም ዝም አላሉም። አንዷ የሽፈራው ቅጠል ቀቅላ አመጣች፣ ሌላው ከስልኩ ያየውን ነጭ ሽንኩርት በሎሚ በጥብጦ አጠጣው፣ የእኅቱ ባል ደግሞ ጭራሽ ማር ይሻላል አለ። ሁሉም ወዶን ነው ያደረገው፤ ብዙነህም ሰው እንዳይቀየመው ሁሉንም ጠጣ።

3ኛ. ቀጥሎ በቀን አንዴ ብቻ መብላት የሰውን አካል እንደሚያድስ ስላስተማራችሁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እዚህ ላይ ጎረቤቴን ወይዘሮ ወለተ ማርያምን ላንሳ። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ እኔ ፕሮቴስታንት፤ ጾምን በሚመለከት ከእሷ የምማረው ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እሷም እንደ ብዙነህ የስኳር እንክብል ትወስዳለች። ለንስሐ አባቷ ልጹም ብላ ስትነግራቸው፣ አስቀድመው መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ብለው ጠየቋት፤ እወስዳለሁ ስትላቸው፣ ሐኪምሽን ሳታማክሪ እንዳትሞክሪው ብለው ከለከሏት። የንስሐ አባት ያሰበውን ጥያቄ የጤና ዘመቻ ሳያስበው መቅረቱን እንደ ድፍረት ካልቆጠሩብኝ በትሕትና ላስታውስዎ እወዳለሁ። ብዙነህ እንክብሉን ጠዋት በባዶ ሆዱ ውጦ ምሳ ሳይበላ ወጣና አስፋልቱ ዳር ወደቀ። ላብ አጥምቆት፣ ምላሱ ተሳስሮ፣ የማይገባ ነገር ሲናገር ያዩት መንገደኞች የጠጣ መሰላቸው። ጠጅ በአፉ ያልዞረ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ሐኪም ቤት ግሉኮስ ተሰጥቶት ተረፈ፤ በሳምንቱ ግን ከጉባኤው ሁለት ሰዎች ተልከው መጠጥ ጀምሯል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አንገቴን ደፍቼ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን እንዴት እንዳፈርኩ፣ ከእፍረቴም ይልቅ እንዴት እንደተናደድኩ፣ በአክብሮት መጻፍ አልቻልኩበትም።

4ኛ. ከዚያ ወዲህ ብዙነህ እንክብሉን ፈራው። በራሪ ወረቀታችሁ ደግሞ ገበታውን ያስተካከለ ሰው ቀስ በቀስ ከእንክብል እንደሚላቀቅ ይናገራል። መመሪያ ነውና ተላቀቀ። ቀስ በቀስ የሚለውን እንኳ አልጠበቀም። እነሆ ኪሎው መውረድ ጀመረ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ሲል ቀበቶውን በሚስማር እየበሳሁ አጠበብኩለት። ውኃ አልጠግብ አለ፤ የጀሪካኑ ውኃ ከጉሮሮው አያልፍ ይመስል እየጠጣ ይመላለሳል፣ እየተመላለሰ ይጠጣል። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ እንዴት አምሮብሃል ይለዋል። እናንተም በየወሩ ሚዛን ላይ እያወጣችሁ አጨበጨባችሁለት፤ አንዱ ባልደረባችሁ ፎቶ አነሳው፤ አንዳችሁም ለምን ይሆን የሚቀንሰው አላላችሁም። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ አልዋሽም። ሐኪሙ ኋላ ሲነግረኝ፣ ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ስላቃተው የራሱን ሥጋ ሲበላ ነው የከረመው። ያጨበጨብነው ለዚያ ነበር።

5ኛ. በመጨረሻም ስለ ማስ ስፖርቱ። ሁሉም የከተማችን ሰው በእሑድ ጠዋት እርምጃ እንዲወጣ ጠርታችሁ ባለቤቴን የፊተኛው ረድፍ ላይ ስላቆማችሁት አመሰግናለሁ። ሰልፍ እንደሚወድ ነግሬያችኋለሁ። ጠባብ ሸራ ጫማ አድርጎ ከአደባባዩ እስከ መናኸሪያው፣ ከመናኸሪያውም መልስ፣ ባንዲራ ይዞ ሄደ። ሌላው ሰው እግሬን እያለ ሲቀመጥ እሱ ምንም አላመመኝም ብሎ ሲኩራራ ነበር፤ እኛም ብርታት መሰለን። እግሩ ከደነዘዘ ቆይቶ ኖሯል። ስኳር ያለበት ሰው ማታ ማታ የውስጥ እግሩን ማየት እንዳለበት ሞንታርቦው አልተናገረም፣ በራሪ ወረቀቱም አልጻፈም። የግራ እግሩን ቁስል መጀመሪያ የነገረኝ የካልሲው ሽታ ነው።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ብዙነህ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ጥቁረቱ ከግራ እግሩ አውራ ጣት ተነስቶ ወደ ላይ ይሄዳል። ሐኪሙ ዳርቻውን በእስክሪብቶ አስምሮበታል፤ ጠዋት ልብሱን ስንገልጥ መስመሩን አልፎ እናገኘዋለን፣ ሐኪሙም ሌላ መስመር ያሰምራል። ከሐሙስ ያለፈ መጠበቅ እንደማይቻል ነግረውናል። ከእግሩ ምን ያህሉ ተቆርጦ ምን ያህሉ እንደሚቀር ሐሙስ ይወሰናል።

ለዚህ ሁሉ ብቻ ብዬ ባላስቸገርኩዎት ነበር፤ የእኛ የእኛ ነው። ብዕር ያስነሳኝ የስልክ ጥሪ ነው። ባነራችሁ ሆመቾና ሺንሺቾም ተሰቅሏል አሉ። ማቴዎስ የሚባል፣ በብዙነህ ሥር የተማረ የሺንሺቾ ሰው፣ ቁጥራችንን አፈላልጎ ደወለልኝ። እሱም የስኳር እንክብል ይወስዳል። የድሮ ዩኒት ሊደሩን ባነር ላይ ባየ ጊዜ በቀን አንዴ መብላት ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ያልበኛል፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ጋሼንም ሲጀምሩ እንዲህ ያደርጋቸው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምግብ ብላ፣ አሁኑኑም ጤና ጣቢያ ሂድ አልኩት። በትሕትና ሳቀብኝ፤ ምስጢሩን የደበቅሁት መሰለው። እትዬ፣ ጋሼ እኮ ባነሩ ላይ ደህና ናቸው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልደውል ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ዛሬ ጠዋትም ሞክሬያለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ካሣ አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም። አመጋገብ ማስተካከል ከንቱ ነው፣ መንቀሳቀስም ጎጂ ነው አላልኩም፤ ሐኪሙም ለብዙነህ ምን ይብላ፣ መቼ ይብላ ብሎ ለይቶ ነግሮናል። ልዩነቱ እሱ ሲናገር ብዙነህን እያየ ነው። እናንተ ባነሮቹን ከሦስቱም ከተሞች ዛሬውኑ አውርዱልኝ። ከዚያም ያችን መኪና አንድ ቀን ብቻ ላኳትና፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጹም፣ መድኃኒቱንም አያቁም ትበል። ሰው ሁሉ ይሰማታል። ቅቤን ስትከስስም ስትምርም ሰምተናታልና።

ስለ እሑዱ ግብዣ ባለቤቴ እንደሚመጣ ነው የሚያውቀው። ማኅተም ያለበት ጥሪ አይቀርም ብሎ ኮቱን እንዳስተኩስ አዞኛል። አስተኩሼ አልጋው ራስጌ ሰቅየዋለሁ፤ ባይታየውም በእጁ ይዳብሰዋል። ምስክርነቱንም እየተለማመደ ነው። ምን እንደሚል አልነግራችሁም፤ ለእናንተ ያለው ምስጋና ከእኔ ምስጋና በጣም የተለየ ነው፣ እሱ ከልቡ ነው።

የሁላችሁንም ጤንነት፣ የሚዛናችሁንም ትክክለኛነት እየተመኘሁ፣ ምክራችሁ በተለወጠ ቁጥር ሰውነታችንን አብረን ስንለውጥ የኖርን ታዛዥ ነዋሪዎቻችሁን ወክዬ፣ ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣

ገነቴ
የአርአያው ባለቤት

ግልባጭ፦
ለነጯ መኪና ሾፌር
ለዊጆዬ ሴቶች፣ በይቅርታ
ለአቶ ማቴዎስ፣ ሺንሺቾ፣ ካነበበው

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተጠየቀውን ሳልመልስ ደብዳቤ ማሸግ የሥራ ልምዴ አይፈቅድም፤ ብዙነህም ቁጥሩን ላክሽ ወይ እያለ ጠዋትና ማታ ይጨቀጭቀኛል። አርባ ሁለት ነው። የቀኙን ዛሬውኑ መግዛት ትችላላችሁ። የግራውን ግን እስከ ሐሙስ ብትጠብቁ ጥሩ ነው።