ገሜ ኮምፒዩተር

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ከት/ቤት ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ላፕቶፑ የእኔ አይመስልም። የልጄ የናኦል ፎቶ ከገጹ ጠፍቷል። በቦታው በትልቁ «ገሜ ኮምፒዩተር» ይላል።

ገሜ የሚሉት ገመቺስ የባለቤቴ የደረጄ ታናሽ ወንድም ነው። ገበያው አጠገብ የጥገና ሱቅ አለው። አምቦ ውስጥ ለታመመ ኮምፒዩተር ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት፣ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን። ደረጄን ጠየቅኩት። ተንቀረፈፈ ስትዪ ሰምቼ ወሰድኩለት፣ በነጻ ነው የሠራልሽ፣ አመስግኚው አለኝ። ማን ውሰድልኝ አለው? ክረምቱን ሙሉ የሰው ልጅ አስጠንቼ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ 12
ቅዳሜ የአስተርጓሚነት ፈተና አለብኝ። ኦሮምኛ–አማርኛ፣ ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት። ካለፍኩ እዚሁ ተቀምጬ የምሠራው ሥራ አገኛለሁ፤ ከወደቅኩ ያው ጠመኔዬ። ዛሬ የፈተናውን ፕሮግራም ሞከርኩት። አልቀበልም አለ፤ ማሽኑ ላይ ክራክ፣ ያለ ፈቃድ ማስከፈቻ፣ አግኝቷል።

ገመቺስ ሱቅ ሄድኩ። ሳቀ። «ራኮ ሂን ቀቡ»፣ ችግር የለም። ያንቺ ተራው፣ የቤት ዊንዶውስ ነበር፣ ትልቁን፣ የድርጅቱን ጫንኩልሽ፣ ክራክ ስላለው ፈቃድ አይጠይቅሽም አለ። ኦሪጅናሉን አጥፍቶ የተሰረቀ ጫነልኝ፤ ውለታ ነው ይላል። እሑድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ለሕፃናቱ «አትስረቅ» ብሎ የሚያስተምረው እሱ ነው። ቅንድብ ላበጅ ብሎ ዓይን አጠፋ። ደንበኞቹ ፊት ጮህኩበት። ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ 13፣ ከቀኑ 12 ሰዓት
ሽማግሌ ተላከብኝ። ለዊንዶውስ ሽማግሌ! ኦቦ ቶለራ፣ ከቤተ ክርስቲያን። «ሃዳ ናኦል» አሉኝ፣ የናኦል እናት፤ በዚህ ሰፈር በስሜ የሚጠራኝ የለም። ገመቺስ በፍቅር ነው ያደረገው፣ ይቅር በይው አሉ። ምን እንደተወሰደብኝ አስረዳኋቸው። ፈቃዱ ማሽኑ ላይ ተመዝግቧል፣ እንደ ቦታ ካርታ። ቤቱ ፈርሶ ያው ዓይነት ቤት ቢሠራ ካርታው ይጸናል። እሱ ግን ሌላ ቤት በሐሰተኛ ካርታ ሠራበት።

ከዚያ ወደ ደረጄ ዞረው «ስትወስድ ጠይቀሃታል?» አሉት። ደ. ምንጣፉን አየ። ጸልየው ሄዱ፤ ለላፕቶፑም ጭምር። አሜን አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ሐሙስ፣ 14
አምቦ ኔትወርክ የለም። ጎረቤት ከተማ ጉደር ወረድኩ፣ የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ጓደኛዬ ሰናይት ጋ። ተራውን፣ ማሽኑ ሲገዛ የነበረበትን ዓይነት፣ ከአምራቹ ገጽ አውርደን ፍላሽ ላይ ጫንን። ገ. ይህን ማድረግ ያቅተው ነበር? አያቅተውም። ኦሪጅናል የሚጠይቀው ሰው ኖሮ አያውቅም።

ዓርብ፣ 15፣ ከሰዓት
የተረፉልኝን ፋይሎች ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጬ ማሽኑ ላይ ያለውን ሁሉ አጠፋሁ። ከፍላሹ ስጭን የፈቃድ ቁልፍ ቁጥር ጠየቀኝ፤ የለኝም የሚለውን ነካሁ። ተራውን መረጥኩ። በመጨረሻ የባለቤቱን ስም ጻፊ አለ።

ደ. ከኋላዬ ቆሟል። እንደ ድሮው «ደረጄ» በይው አለ። አዎ፣ ያኔም የተጻፈው የእሱ ስም ነበር፤ እንዴት ዝም እንዳልኩ አላውቅም። «ሌንሳ» ብዬ ጻፍኩ።

ኔትወርኩ መጥቶ ነበር፣ አገናኘሁት። ማንም ምንም ሳይነካ ፈቃዱ ጸንቷል የሚል ጽሑፍ ወጣ። ካርታው ቦታውን አወቀ። አለቀስኩ፣ ከንዴት፤ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ቅዳሜ፣ 16፣ ጠዋት
የፈተናው ፕሮግራም ማሽኑን መረመረ። አለፈ። ሊጀምር ነው።

ገ. ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ፍላሽ ይዞ። ሊክሰኝ ነው አሉ፤ ፈጣን እንዲሆን ትንሽ ነገር ይጭንልኛል። ደ. በሩ ላይ ሆኖ የይለፍ ቃሉን ይጠይቀኛል፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ እያለ። በሩን ቆለፍኩ። የይለፍ ቃሉን ለማንም አልሰጥም። ዛሬም፣ ከፈተናው በኋላም። ያንኳኳሉ። ያንኳኩ። የፈተናው ሰዓት መቁጠር ጀመ—